ደማቅ ምልክት ሁሉ ትልቅ ጉድለት አይደለም፦ ስለ ፌዝድ አሬይ (ከብዙ ጥቃቅን ላኪዎች በሚወጣ የአልትራሳውንድ ድምፅ የሚደረግ) የብየዳ ፍተሻ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የካርቦን ብረት ብየዳ ሥር (የብየዳው የታችኛው ክፍል) ላይ፣ በመሣሪያው ስክሪን ቀይ ምልክት ከዳር እስከ ዳር ይታየኛል። ስንጥቅ ብዬ ልመዝግበው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ቀለሙ የሚነግርዎት የተመለሰውን ድምፅ ብርታት ብቻ ነው፤ ዋናው ነገር ምልክቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ብየዳውን ከሁለቱም ጎን ይፈትሹ። ከግራ ሲያዩት ከመካከለኛው መስመር ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ሲያዩት ደግሞ ወደ ግራ ካለፈ፣ ጥልቀቱም ከ20 ሚሊሜትር ጥቂት ከበለጠ፣ ከሥር የወጣ የብየዳ ትርፍ ሳይሆን አይቀርም። በሁለቱም ጎን መስመሩ ጋ ሳይደርስ እዚያው 20 ላይ ከቆመ ግን ሥሩ ሳይሞላ ቀርቷል ብለው ይጠርጥሩ። ይህ ሁሉ የሚሠራው የብረቱን ውፍረት ራስዎ ከለኩ ነው። ንድፉ 20 ያለው ብረት 19 ሆኖ ሲገኝ የብየዳው ትርፍ ጉድለት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ከአንድ ጎን እጅግ ብርቱ የሆነ ምልክት ከሌላው ጎን ሊታየኝ አልቻለም። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መሣሪያውን ተዉት። ብየዳው ከብረቱ ጠርዝ ጋር ሳይዋሃድ ሲቀር የሚታየው እንዲህ ነው። ጠርዙ በ30 ዲግሪ ከተቆረጠ፣ ከታች ነጥሮ የሚመለሰው የ60 ዲግሪ ጨረር ፊት ለፊት ያገኘዋል፤ ከሌላው ጎን የሚመጣው ግን በሰያፍ ይመታውና ድምፁ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስላግ (በብየዳው ውስጥ የቀረ የብየዳ ዝቃጭ) እና የጋዝ ቀዳዳ እንዲህ ጎን አይመርጡም።

ጥያቄ፦ የስንጥቁን ቁመት በ6 ዴሲቤል ዘዴ (የተመለሰው ድምፅ በግማሽ የሚወርድበትን ቦታ ዳር አድርጎ በመውሰድ) ብለካው ችግር አለው?

መልስ፦ ለርዝመት ይጠቀሙበት፤ ጉድለቱ ከጨረሩ ስፋት ሲበልጥ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ለአጭር ስንጥቅ ቁመት ግን የጨረሩን ስፋት ለክተው የስንጥቁ ነው ብለው ይጽፋሉ። ይልቅ ጫፉን ይፈልጉ። ስንጥቁ ከታችኛው ገጽ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ደምቆ ይታያል፤ ከላይ ያለው ጫፍ የሚመልሰው ድምፅ ግን ከዚያ በጣም የደከመ ስለሆነ ማጉያውን ከፍ ሳያደርጉ አያገኙትም። ማዕዘኑ 20፣ ጫፉ 16.5 ላይ ከወጣ ቁመቱ 3.5 ሚሊሜትር ነው። በ5 ሜጋኸርዝ የተሻጋሪው ሞገድ (ከጉዞው አቅጣጫ ወደ ጎን የሚርገበገበው) ርዝመት በብረት ውስጥ 0.65 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ 3.47 ብሎ የሚጽፍ ሰው ከመሣሪያው በላይ ያውቃል ማለት ነው!

ጥያቄ፦ ጠዋት የተስተካከለው መሣሪያ እኩለ ቀን ላይ ጉድለቱን ሌላ ቦታ ያሳያል። ለምን?

መልስ፦ ከፕሮቡ (ድምፁን ከሚልከውና ከሚቀበለው ክፍል) ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽብልቅ ሲሞቅ በውስጡ የሚያልፈው ድምፅ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የጨረሩ ማዕዘንም ይጨምራል። በጥላ ያቆዩት፤ ከሥራው ጋር በተቀራረበ ሙቀት ላይ እንደገና ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ ይኸው አሠራር ለማይዝግ ብረት ይሆናል?

መልስ፦ ለኦስተኒቲክ (በጣም ለተለመደው የማይዝግ ብረት ዓይነት) ብየዳ አይሆንም። ትላልቆቹ የብረት ቅንጣቶች ተሻጋሪውን ሞገድ ያጣምሙታል፣ ይበትኑታልም። ወደ 2 ሜጋኸርዝ ዝቅ ብለው በቁመታዊ ሞገድ (በጉዞው አቅጣጫ በሚርገበገበው)፣ ላኪና ተቀባዩ በተለያየ ፕሮብ ይሥሩ፤ ማስተካከያውንም ከዚያው ብረት በተሠራና በተበየደ ናሙና ላይ ያድርጉ።