እምነ በረድ ወይስ እብነ በረድ? ድንጋዩስ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ቤት እያሠራን ነው። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ የሚገጥምልን ሰውዬ ደረሰኙ ላይ «እምነ በረድ» ብሎ ጻፈ። ባለቤቴ «እብነ በረድ ነው የሚባለው» አለች። ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጃችን ደግሞ ድንጋዩን አየት አድርጋ «ይሄ ግራናይት ነው፤ እብነ በረድ ሌላ ነው» ብላ አረፈችው። ማናቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ ባለቤትዎም ልጅዎም። በአጻጻፉ ባለቤትዎ፣ ሁለቱ ድንጋዮች ይለያያሉ በማለቷ ልጅዎ።

ከአጻጻፉ ልጀምር። ቃሉ የግእዝ ነው። «እብን» ድንጋይ ማለት ነው፤ ሲበዛ «አእባን» ይሆናል። «በረድ» ያው የምናውቀው በረድ ነው። «ቤት» ከ«ክርስቲያን» ጋር ሲናበብ «ቤተ» እንደሚለው፣ «እብን»ም «እብነ» ይላል። የበረድ ድንጋይ መባሉ ነው፤ ነጩን ድንጋይ በባዶ እግሩ የረገጠ ሰው ስያሜው ይገባዋል። ታዲያ «ም» ከየት መጣ? «ብ» እና «ን» ሲከታተሉ አፍንጫ ያለበት «ን» ጎረቤቱን ወደ ራሱ ይስበዋል። ቶሎ ቶሎ ይበሉት፣ ራስዎም «እምነ» ሲሉ ያገኙታል። በንግግር ማንም ቢለው አልቆጣም። ሲጻፍ ግን «እብነ በረድ» ይሁን።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። እኛ ድንጋይን የምንጠራው በመልኩና በሥራው ነው፦ ጥቁር ድንጋይ፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ ኮረት፣ ቋጥኝ። የጂኦሎጂ ሰዎች ግን የሚጠይቁት አወላለዱን ነው። የቀለጠ አለት ቀዝቅዞ ነው? ደለል ተደራርቦ ነው? ወይስ የነበረ አለት ተለውጦ?

ግራናይት ከመጀመሪያው ወገን ነው። የቀለጠው አለት ገና መሬት ውስጥ እንዳለ፣ በጣም ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ማዕድናቱ ለማደግ ጊዜ ያገኛሉ። ጠረጴዛዎን ቀረብ ብለው ይዩት፤ ግራናይት ከሆነ ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁር ፍሬ ፍሬ አለው። የቀለጠ አለት ወደ ላይ ወጥቶ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ግን ፍሬው በዓይን የማይለይ ደቃቅ ይሆናል፤ ባዛልት እንዲህ ነው። ከዚያም ከፈጠነ ጭራሽ ፍሬ አይኖረውም፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ባልጩት ይወጣል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ መልካ ቁንጡሬ አጠገብ፣ ባልጩት የሚባል ቦታ አለ። የጥንት ሰዎች መሣሪያቸውን የጠረቡበት ድንጋይ ከዚያ ነው። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ሁለቱን ቦታዎች አንድ ላይ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በድንጋዩ ስም የተጠራ አገር ማለት ይሄ ነው።

እብነ በረድ መነሻው ሌላ ነው። መጀመሪያ የኖራ ድንጋይ ነበር። የኖራ ድንጋይ ደግሞ በአብዛኛው በባሕር ወለል ላይ የዛጎልና የመሰል ፍጥረታት ቅሪት ተከማችቶ የጠነከረ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሻገሩ የዓባይ ሸለቆ ገደል ላይ ተነባብሮ የሚታየው እሱ ነው፤ ያ ቦታ ድሮ ባሕር ነበር። ይህ ድንጋይ ጥልቅ ተቀብሮ ሙቀትና ግፊት ሲበረታበት እብነ በረድ ይሆናል። ልብ ይበሉ፣ አይቀልጥም። ሸክላ እሳት ውስጥ ገብቶ ቅርጹን እንደያዘ ሌላ ነገር ሆኖ እንደሚወጣው፣ እሱም ጠጣር እንደሆነ ውስጡ ይለወጣል።

ስለዚህ ለሦስተኛው ወገን «ልውጥ አለት» የሚለው ስም ደስ ይለኛል፤ ቃሉ ሥራውን ሠርቷል። ለሁለተኛው አንዳንዶች «ዝቃጭ አለት» ይላሉ። ትርጉሙ አልተሳሳተም፣ ግን በዛሬ አማርኛ «ዝቃጭ» ስድብ ሆኗል። «ደለል አለት» ይሻላል። የመጀመሪያውን ሁሉ «የእሳተ ገሞራ አለት» ማለት ግን ስሕተት ነው። ግራናይት ከእሳተ ገሞራ አልወጣም፤ እዚያው መሬት ውስጥ ነው የረጋው። እኔ «እሳት ወለድ» እላለሁ።

ነጋዴው ለዚህ ሁሉ ግድ የለውም። ገበያ ላይ «ጥቁር ግራናይት» ከሚባለው ብዙው ጋብሮ የሚባል ሌላ እሳት ወለድ ነው። የአክሱምን ሐውልቶችም ግራናይት ስንላቸው ኖረናል፤ ባለሙያዎቹ ግን ኔፈሊን ሳይናይት ይሏቸዋል። እዚህ ላይ አልከራከርም፣ ጥንካሬያቸው ይቀራረባል።

እብነ በረድን ከግራናይት መቀላቀል ግን ኪስ ይጎዳል። ከተቆረጠው ድንጋይ የተረፈ ቁራጭ ይጠይቁና ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፤ ትንሽ ቆይተው ይጥረጉት። እብነ በረድ ከሆነ አሲዱ ይበላዋል፣ የነካው ቦታ ወዙ ይጠፋል። ግራናይት ምንም አይሆንም። ሎሚና ኮምጣጤ በማይጠፋበት ወጥ ቤት ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ልጅዎ ትክክል ከሆነች ደረሰኙ ላይ «እምነ»ውን ወደ «እብነ» ማስቀየር አይበቃም፤ «ግራናይት» ብሎ ይጻፍልዎ።