ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ሂፕኖሲስ ይረዳኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ43 ዓመት እናት ነኝ፤ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ከአምስት ወር ወዲህ ማታ 4 ሰዓት ጋደም ብል እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስገላበጥ ነው የማመሸው። የሱቁ ዕዳ ከራሴ አይወጣም። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ሂፕኖሲስ የሚሉትን ድምፅ በስልክ ላከችልኝ። ሌላ ሰው አእምሮዬን እንዳይቆጣጠረው ፈራሁ፤ ከሃይማኖቴስ አይጋጭም?

መልስ፦ እህቴ፣ አይፍሩ። ሂፕኖሲስ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የታወቀው በስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬድ ነው፤ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ እንቅልፍ ነው። ስሙ ግን ያሳስታል። ሰውየው አይተኛም፣ ራሱንም አይስትም። ተረት ጥሞት ሲጠሩት እንደማይሰማ ልጅ፣ ሐሳቡ አንድ ነገር ላይ ይሰበሰባል እንጂ። የማይፈልጉትን አያስደርግዎትም፤ ሲሰለችዎት ዓይንዎን ገልጠው መነሳት ነው። መንፈስ መጥራትም የለበትም።

ይጠቅማል ወይ ካሉኝ፣ አንዳንዶችን ይረዳል፤ ጥናቶቹ ግን ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ብቻውን ሕክምና ነው አልልዎትም። አንድ ነገር አደራ፦ መኪና የሚነዳ ሰው፣ ይልቁንም ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ፣ ይህን ድምፅ እንዳይከፍት።

እኔ ይበልጥ የምወድልዎት ጡንቻ ማፍታታትን ነው። የደሴ ብርድ ሰውን ያኮማትራል፤ ጋቢ ለብሰንም ትከሻችን ጆሯችን ሥር እንደተሰቀለ እንተኛለን። በጀርባዎ ይተኙ። የእግር ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ስበው አምስት ሰከንድ ያህል ወጠር ያድርጉና ይልቀቁ። ከለቀቁ በኋላ አይቸኩሉ፤ እግሩ ሲከብድና ሲሞቅ ያዳምጡት። ከዚያ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ ጭብጥ፣ ትከሻ እያሉ ይውጡ። መጨረሻ ላይ መንጋጋ። ዕዳ ያለበት ሰው ጥርሱን ነክሶ እንደሚተኛ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሚያምዎትን ቦታ ግን አይወጥሩ። መጀመሪያ ቀን ቀን፣ ሱቁ ጭር ሲል ተቀምጠው ይለማመዱት፤ ሰውነት ሳይለምደው ሌሊት ላይ ብቻ ቢሞክሩት “ተኛሁ? አልተኛሁም?” እያሉ ራስዎን መፈተን ይሆናል።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶም እንቅልፍ ካልመጣ አልጋው ላይ አይታገሉ። ተነስተው ደብዘዝ ባለ መብራት ሌላ ቦታ ይቀመጡ፤ ሲያንቀላፋዎት ይመለሱ። ጠዋት ግን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ። ዕዳውን ሱቅ ሲዘጉ ዱቤ መዝገቡ ጀርባ ላይ ይጻፉት፦ ለማን፣ ስንት፣ ነገ ምን አደርጋለሁ። መዝገቡም እዚያው ሱቅ ይደር።

ቡናስ? ካፌይን በብዙ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት አቦል ከጠጡ፣ ማታ 4 ሰዓት ሲተኙ ግማሹ ገና ከእርስዎ ጋር ነው። የቡናውን ሰዓት ወደ ጠዋት ያምጡት፤ ጎረቤት አይቀየምም።

የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይገዙ እለምንዎታለሁ። አምስት ወር ብዙ ነው፤ ከሦስት ወር ያለፈ የእንቅልፍ እጦት መታየት አለበት። ቀዳሚው ሕክምናም የእንቅልፍ ልማድንና ጭንቀትን አብሮ የሚያስተካክል የምክር ሕክምና ነው። ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ ይቆማል ካሉዎት፣ ነገር ሁሉ ካስጠላዎት፣ ወይም በጦርነቱ ወቅት ያዩት በቅዠት እየመጣ ካባነነዎት፣ ድምፁን ትተው በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ስንት ሰዓት እንደተኙና እንደነቁ ጽፈው ይያዙ፤ የሚያክምዎት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።