የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከደሜ የተጣራው መርፌ የጉልበቴን ካርቲሌጅ ይመልሳል?

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሴት ነኝ፤ ፒያሳ አካባቢ እኖራለሁ። ደረጃ ስወርድና ከበርጩማ ስነሳ ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል። ሐኪም «ካርቲሌጁ (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ) ሳስቷል፣ ገና ደረጃ 2 ነው» አለኝ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ከራሴ ደም ተጣርቶ ሦስት መርፌ ብወጋ ካርቲሌጁ እንደገና ይበቅላል ብሎኛል። ልክፈል?

መልስ፦ እህታችን፣ ይበቅላል ስለተባሉ ብለው አይክፈሉ። ፒአርፒ የተባለው ይህ መርፌ ለአንዳንድ ሰው ሕመሙን ለወራት ያቀልለታል፤ ያለቀ ካርቲሌጅ መልሶ እንደሚያበቅል ግን አልተረጋገጠም።

ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ደም ይዞት የሚመጣው ጥገና ስለማይደርሰው ሲጎዳ በቀላሉ አይድንም። ፒአርፒን ጉልበት ላይ የመጠቀም ሐሳብም የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ፕሌትሌት የሚባሉት የደም አርጊ ሕዋሳት የያዟቸውን የእድገት ፕሮቲኖች በመርፌ እዚያው ለማድረስ ነው። ሆኖም በአውስትራሊያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት የጉልበት ካርቲሌጃቸው የሳሳ 288 ሰዎች ገሚሶቹ ፒአርፒ፣ ገሚሶቹ የጨው ውሃ በየሳምንቱ ለሦስት ጊዜ ተወግተው፣ ከዓመት በኋላ በሕመማቸውም ሆነ በካርቲሌጃቸው መጠን ጉልህ ልዩነት አልታየም። የተሻለ ውጤት ያሳዩ ሌሎች ጥናቶችም አሉ። ውጤቱ እንዲህ የሚለያይበት አንዱ ምክንያት ፒአርፒ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው።

አሠራሩን ይወቁት። ከ15 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ደም ከክንድ ይቀዳል፤ ቱቦው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት አለበት። ሴንትሪፊዩጅ በሚባል ማሽን በፍጥነት ሲሽከረከር ቀዩ ደም ከታች ይቀራል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት መሐል ላይ በስሱ ይነጠፋሉ፣ ቢጫው የደም ፈሳሽ (ፕላዝማ) ከላይ ይሆናል። ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ያህሉ ጉልበት ውስጥ ይወጋል። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ፕሌትሌት የሚበዛው ከነጩ ሽፋን አጠገብ ባለው ፕላዝማ ስለሆነ፣ ከላይ ከላይ የቀዳ ባለሙያ ፕሌትሌቱ ያነሰ ቢጫ ውሃ ይወጋል። ወደ ታች አብዝቶ የገባ ደግሞ ቀይ ደም ይቀላቅላል፤ ይህ መገጣጠሚያውን ያስቆጣል። ስለዚህ «የደሜ ፕሌትሌት ስንት ነው? ተጣርቶ በስንት እጥፍ ይጨምራል? ነጭ ሕዋስ ይገባበታል?» ብለው ይጠይቁ። ጤነኛ ደም በማይክሮ ሊትር ከ150,000 እስከ 400,000 ፕሌትሌት አለው፤ ብዙዎች የሚፈልጉት ከ3 እስከ 5 እጥፍ ነው። መልስ የማይሰጥ ክሊኒክ ምን እንደሚወጋዎት አያውቅም።

ከገንዘቡ በፊት ግን ጡንቻው ይቅደም። በጀርባዎ ተኝተው ደህናውን ጉልበት አጥፈው፣ የሚያመውን እግር ቀጥ አድርገው፣ ጭንዎን አጥብቀው ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያንሡ፤ 5 ሰከንድ ይቆዩ። 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን ለሦስት ወር ያህል ይሥሩት። ከመጠን ያለፈ ክብደት ካለዎት፣ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ አራት ኪሎ ይቀንሳል። ከፒያሳ ወደ ለገሃር ሲሄዱ የቸርችልን ቁልቁለት በታክሲ ይውረዱ፣ ዳገቱን በእግር ይመለሱ፤ ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው።

ይህን ሁሉ ሞክረው መርፌውን ከመረጡ፣ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከአንድ ሳምንት በፊት ያቁሙ፤ የፕሌትሌትን ሥራ ያግዳሉ። ለልብ የታዘዘ አስፒሪን ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥም።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። ጃን ሜዳ ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ተጠመዘዘ። ኤምአርአይ 1.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር የካርቲሌጅ ጉዳት አሳየ፤ አንዳንዴም ጉልበቴ ይቆለፋል። ፒአርፒ ይበቃኛል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሚቆለፍ ጉልበትን መርፌ አይፈታውም። ተገንጥሎ የሚንሳፈፍ ቁራጭ ወይም የተቀደደ ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መሐል ያለ ትራስ መሰል አካል) ሊኖር ስለሚችል የአጥንት ቀዶ ሐኪም ይይህ። እንዲህ ላለ ትንሽ ጉዳት ከሚሠሩት አንዱ ማይክሮፍራክቸር ነው፤ በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ከካርቲሌጁ ሥር ያለው አጥንት በትንንሹ ይበሳና ከመቅኔው የሚወጣው ደም ረግቶ ቦታውን ይሸፍናል። የሚተካው ካርቲሌጅ እንደ ቀድሞው ጠንካራ አይደለም፤ ለስድስት ሳምንት ያህልም በክራንች መሄድ ይጠይቃል። አንዳንድ ሐኪሞች ፒአርፒን በዚህ ላይ ይጨምሩታል፤ ያኔም አጋዥ ነው እንጂ ምትክ አይደለም። እስከዚያ ኳስ ይቅር፣ ወጌሻም አይጠምዝዘው።

ጥያቄ፦ ትናንት ፒአርፒ ተወጋሁ፤ ጉልበቴ አብጦ ያመኛል። ዲክሎፌናክ ልውሰድ?

መልስ፦ አይውሰዱ፤ ከላይ እንዳልነው የፕሌትሌትን ሥራ ያግዳል። ሁለት ሦስት ቀን ማመሙ የተለመደ ነው። የጉበት ችግር ከሌለብዎ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ይበቃል፤ በቀን ከስምንት ፍሬ አይለፍ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው 15 ደቂቃ ያኑሩበት። ትኩሳት ከመጣ፣ ጉልበቱ ከጋለ ወይም መርገጥ ካቃተዎት ግን ነገ አይበሉ፤ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በቀናት ውስጥ ካርቲሌጁን ይበላዋል።