የኛ ተመራጭ እጁን ያወጣው ለምኑ ነው?

ያ ጀማዓ፣ እንዴት ከረማችሁ? ባለፈው ደሴ ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ አፋጠጠኝ። "ፓርላማ የላክነው ሰውዬ ምን እንደሠራ በምን እንወቅ?" አለኝ። ለዓመታት ፓርላማ ስዘግብ መኖሬን ስለሚያውቅ ነው። እኔም ሌላ ጥያቄ ያለው ይምጣ አልኩ። ምነው ባላልኩ! መጣ፣ መጣ፣ መጣ። በየተራ ልመልስ።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ ተመራጫችን ስንት ሕግ አቀረበ?

ምናልባት አንድም። በዚህ ብቻ ግን አትፍረዱበት። አባላት ሕግ የማመንጨት መብት አላቸው። በተግባር ግን ረቂቁ የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። "ተወያይቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመራ ወሰነ" የምትለዋን ዜና ስንቴ ሰምታችኋል? መንገዱ እሱ ነው። ፓርላማ ሲደርስ ደግሞ "ለዝርዝር ዕይታ ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ" ይባላል። ሕጉ እንደ ሊጥ የሚታሸው እዚያ ነው። አንድ አንቀጽ ሲቀየር፣ አንድ ቅጣት ሲቀንስ፣ ሥራው የኮሚቴ ነው። ስለዚህ "ስንት ሕግ አቀረበ" ከማለት "የየትኛው ቋሚ ኮሚቴ አባል ነው?" በሉ። ይህን የማያውቅ መራጭ ብዙ ነው፤ እኔም ድሮ አላውቅም ነበር።

አጀንዳ ማስያዝም ቀላል ሆኖ አያውቅም። በ1997 ዘመኑን ሊጨርስ የተቃረበው ምክር ቤት ደንቡን ቀየረው። 20 አባላት ይበቁ የነበረው ከግማሽ በላይ ይሁን ተባለ። በምርጫው ብዙ ተቃዋሚ ገብቶ ስለነበር ነገሩ ለማንም ግልጽ ነበር። በኋላ ደንቡ ተሻሽሏል።

ከኮምቦልቻ፦ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚል የስም ዝርዝር የት ይገኛል?

የዚህ ጥያቄ መልስ ያናድዳል። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። "የምትደግፉ?" ይባላል፣ እጅ ይቆጠራል። "የምትቃወሙ?" ይቆጠራል። "ድምፀ ተዓቅቦ?" ይቆጠራል። ዜና ላይ የሚነገረው ቁጥሩ ነው። የባለ እጁ ስም አይነገርም።

ቁጥሩ ራሱ አንዴ አወዛግቧል። የካቲት 23 ቀን 2010፣ የዓድዋ ዕለት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ ቀረበ። እንዲህ ያለው አዋጅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ያኔ የነበሩት አባላት 539 ስለሆኑ 360 ገደማ መሆኑ ነው። መጀመሪያ 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተዓቅቦ ተባለ። አልሞላም! ትንሽ ቆይቶ ድጋፉ 395 ነው ተብሎ ታረመ። ሰው ሁሉ በ346 እና በ395 ተከራከረ። እኔን የገረመኝ ግን 88ቱ ነው። ወንበሩ በሙሉ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ በተያዘበት ምክር ቤት 88 እጅ ለተቃውሞ ወጣ። ከነዚያ ውስጥ የወሎ ተመራጭ ስንት ነበር? ከዜናው አታገኙትም። ጠያቂዬ ከኮምቦልቻ፣ ያንተን ሰውዬ ራሱን ነው የምትጠይቀው።

ከወልዲያ፦ ሁሉም አብሮ እጁን የሚያወጣ ከሆነ 547 ሰው ምን ያደርጋል?

የፓርቲ ዲሲፕሊን የሚባል ነገር አለ። የመንግሥት ዋና ተጠሪ የሚባል ሹመትም ያለው ለዚሁ ነው፤ አባላቱ እንዳይበታተኑ። የ547ቱን ክፍፍል ካነሳህ አይቀር፣ ለአማራ ክልል የተመደበው 138 ነው፤ የኛም ሰዎች እዚያ ውስጥ ናቸው።

ስም ከነድምፁ ይታወቅ የነበረበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ከ2002 ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚ ፓርቲ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ አቶ ግርማ ሰይፉ። አንድ የግል ተወዳዳሪም ነበሩ። "በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ" ሲባል ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በ2007 ደግሞ እሱም ቀረ፣ ሁሉም የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ሆነ። በ2012 የጥላቻ ንግግር አዋጁ ሲጸድቅ 23 ተቃውሞ ተቆጠረ። እንግዲህ የማን የማን እንደሆነ ገምቱ።

ከባቲ፦ ተቃውሞ ድምፅ የሰጠ ሰው ይከሰሳል?

አብሽር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም ይላል። ፓርቲው የሚለው ሌላ ነገር ነው።

ከመርሳ፦ መንገድ ያመጣልናል ብለን መርጠን ጠጠር እንኳ አልመጣም። ይኼ አይቆጠርበትም?

ወይ ጉድ፣ ይኼ ጥያቄ የማይነሳበት አዳራሽ የለም። የወረዳ መንገድ በአብዛኛው የክልሉና የወረዳው ሥራ ነው። የፌዴራል ተመራጭ የሚጠየቀው በጀት ላይ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በጀቱ የሚጸድቀው ከዚያ በፊት፣ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ነው። ያን ሰሞን ተነሥቶ ስለ ፌዴራል መንገዳችን ጠየቀ? ከጠየቀ ይቆጠርለት። ዝም ካለ ደግሞ ይቆጠርበት።

ከኬሚሴ፦ እሺ፣ የት እናግኘው?

ፓርላማ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል። በመሃል የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ተመራጮች ወደየአካባቢው የሚወርዱት በዕረፍት ጊዜ ነው። አዳራሽ ውስጥ "ሰላምና ልማት" የሚል ንግግር ሲጀምር በትህትና አቋርጡት። አንድ አዋጅ በስሙ ጥሩና "እዚህ ላይ እጅዎን ያወጡት መቼ ነው፣ ሲደገፍ ወይስ ሲቃወሙ?" በሉት። አንቱታው አይቅር፣ ወሎ ነን።

ከዚያው ከኬሚሴ፦ ካልተስማማንስ እናወርደዋለን?

መራጩ አመኔታ ካጣበት በሕግ መሠረት ከምክር ቤት አባልነቱ እንደሚወገድ ሕገ መንግሥቱ ይናገራል። ወረቀት ላይ አለ። እኔ ስዘግብ በኖርኩበት ዘመን ግን በዚህ መንገድ የወረደ አላጋጠመኝም።

ከደሴ፣ ሸዋበር፦ ነጋሪት ጋዜጣ ላይስ የተመራጫችን ስም ይወጣል?

አይወጣም። ጋዜጣው ላይ ከሚታተመው አዋጅ ሥር ያለው የፕሬዚዳንቱ ስም ነው። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙ እንኳ አዋጁ ይጸናል። የባቲው ጠያቂ ስለ ፌዴሬሽን ምክር ቤትም ጨምሮ ነበር። እሱ ግን ሌላ ስኒ ቡና ይፈልጋል።