መልስ፦ «ኳየት» እና «ኳይት» ዘመዳሞች ናቸው ወይ?

ወንድሜ፣ ጸጥታን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛው «ኳየት» (quiet) እና «በጣም» የሚባለው «ኳይት» (quite) ስትጽፋቸው እንደሚምታቱብህ ነግረኸናል፤ ዝምድና አላቸው ወይ ላልከው፣ አዎ፣ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አያትየው የላቲኑ «ኩዊዬስ» ነው፣ ዕረፍት ማለት። ነገሩ ከድምፅ ይልቅ ከማረፍ ነው የጀመረው። እኛስ ልጅ ሲንጫጫ «አርፈህ ተቀመጥ!» አይደል የምንለው?

የካቶሊኮች የሙታን ቅዳሴ «ሬኩዊየም» የሚባለውም ከዚሁ ነው። እኛም የሞተን ሰው «አረፈ» እንላለን፤ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል።

ኳይት ግን የመጣው በጓሮ በር ነው። ከዕዳ ያረፈ ሰው ነጻ ሰው ነው። የድሮው የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ሒሳቡን አወራርዶ ለጨረሰ ሹም «ኩዊየቱስ ኤስት»፣ ማለትም «ነጻ ነው»፣ ብሎ ይጽፍለት ነበር፤ በቃ፣ ከእንግዲህ አይጠየቅም። ነጻ የሚለው ቀስ በቀስ «ሙሉ በሙሉ» ወደሚል ትርጉም ዞረና ኳይት ሆነ። ሥራ ሲለቁ የሚባለው «ኩዊት»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው።

ለአጻጻፉ፣ «ኳ‑የት» ብለህ ለሁለት ከፍለህ ጥራው። ያኔ «ኢ» (e) የምትባለዋ ፊደል ከ«ቲ» (t) ትቀድማለች። በኳይት ግን መጨረሻ ላይ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ ድምፅ የላትም።