አክተሩ አመለጠ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን እንዳነብላት ይዛ ቤቴ መጣች። የምታጠናው ሒሳብ አያያዝ ነው። ጨርሰን ቡና ስንጠጣ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ፊልም ያያሉ እንዴ? የሚወዱት የቱ ነው?» አለችኝ። «ማዘር ኢንዲያ» አልኳት። ሳቀች። «ለምን ወደዱት?» ስትለኝ ግን አፌ ተሳሰረ። ብጀምረው እስከ ማታ የማልጨርሰው ነገር ነው። «ጥሩ ፊልም ስለሆነ» ብዬ ሸኘኋት። ያልነገርኳትን ለእሷም ለእናንተም ልጻፈው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ስመረምር ነው የኖርኩት። ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ፣ ጌራ፤ በጅማ ዙሪያ ያልረገጥኩት የቡና አገር የለም ማለት ይቻላል። ሰው «ኦዲተርነትን እንዴት መረጥክ?» ሲለኝ «ከህንድ ፊልም ነው» እላለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል።

ፊልሙን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1957 በፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ የመህቡብ ካን ሥራ ነው። ራዳ የምትባል ሙሽራ አለች። የሠርጓን ወጪ የሸፈነችው አማቷ ናት፤ ከመንደሩ አራጣ አበዳሪ 500 ሩፒ ተበድራ። በውሉ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ለአበዳሪው ፈረዱለት። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ካመረተው ሦስት አራተኛው ለወለድ ይሄዳል። ዋናው ዕዳ ንቅንቅ አይልም። ባልየው ድንጋያማ መሬት ላቅና ሲል ቋጥኝ ሁለት እጁን ጨፈለቀው። ኀፍረቱን አልቻለምና ጥሎ ጠፋ። ራዳ ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። ከልጆቿ አንዱ፣ ቢርጁ፣ ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ አደገ። በመጨረሻ ሸፈተ። የአበዳሪውን መዝገቦች አቃጠለ፤ አበዳሪውንም ገደለ፤ ሴት ልጁን በሠርጓ ዕለት ጠልፎ በፈረስ ጋለበ። የመንደሩን ሴት ልጅ እንደማይነካ ቃል የገባችው እናቱ ናት። ጠመንጃ አነሳችና ተኮሰችበት። እቅፏ ውስጥ ሞተ።

በኛ ጊዜ የልጆች ሕግ ነበር። አክተር አይሞትም። ሺህ ሰው ቢከበው አይሞትም። እናትየው ጠመንጃውን ስታነሳ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የነበርን ልጆች በሙሉ ቆመን «ሽሽ! ሽሽ!» እያልን ጮኽን። ሲወድቅ ጸጥ አልን። ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም። እናቴ ወባ የያዘኝ መስሏት ግንባሬን ስትዳብስ አመሸች።

እንዲያም ሆኖ ተመልሼ አየሁት። ፊልሙ ከተማችን የቆየው ረጅም ጊዜ ነው፤ በየሰበቡ ሳንቲም እየለቃቀምን እንገባ ነበር። በሚያዝያ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የፊልሙ ድምፅ ጭራሽ አይሰማም። ማንም ቅር አላለውም። ህንድኛ የሚያውቅ አልነበረማ! በር ላይ ሱፍና ኮሎ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች። ሳንቲም ሲጎድለን «ታሪኩን ትነግሩኛላችሁ» ብላ በዱቤ ትሰፍርልናለች። ዕዳችንን የምንከፍለው በታሪክ ነበር። እሷ ራሷ አንድም ቀን ገብታ ያየች አይመስለኝም።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አጋሮ አካባቢ ትኖር ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ ትንሽ የቡና ማሳ ያላት። ቡና ሲያብብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በሳምንት ገደማ ቅርንጫፉ በሙሉ ነጭ ይለብሳል። ሽታው ከመንገዱ ይቀበላችኋል። ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው፤ ከዚያ ይረግፋል። ለገበሬው ግን ያ ጊዜ የከፋ ጊዜ ነው። ካምናው ቡና የተገኘው ገንዘብ አልቋል፤ ጎተራው ባዶ ነው። የነጋዴው ሰው የሚመጣው ያኔ ነው። አበባውን አይቶ ዋጋ ይቆርጣል፤ ትንሽ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጣል፤ ወረቀት ላይ አሻራ ያስደርጋል። ቡናን በአበባው መሸጥ ይባላል። ኅዳር ላይ ሚዛንና ጆንያ ይዞ ሲመለስ፣ ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) ከገበሬው ቤት ሳይወጣ የነጋዴው ነው።

ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የዚያ ሰውዬ ፈረሱላ ግን እንደ ቀኑ ይለያያል። አንድ ኅዳር የአክስቴ የበኩር ልጅ ሚዛኑ ላይ ተጣላው። በያዘው ዱላ መዛኙን መታው፤ ሰውየው ወደቀ። ልጁ በዚያው ጠፋ። ሊሙ ታየ ያሉ ነበሩ፤ ከፋ ገባ ያሉም ነበሩ። መዛኙ ዳነ፤ ልጁ ግን አልተመለሰም።

አክስቴ ነገሩን ለማስጨረስ ሽማግሌ ፍለጋ ጅማ መጣች። እኛ ቤት ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ታያለች። አባቴ አንድ ከሰዓት ጠራኝና ሳንቲም ሰጠኝ። «ውሰዳትና ልቧ ትንሽ ይረፍ» አለኝ። የሚታየው ፊልም ምን እንደሆነ አባቴ አላወቀም። እኔ አውቃለሁ። ከማየት የበለጠ ምን ነበረኝ? ወሰድኳት።

መብራቱ ሲጠፋ እጄን ጨበጠች። መጀመሪያ ላይ ፊቷን በነጠላ ሸፍና በአንድ ዓይኗ ነበር የምታየው። ሠርጉ ላይ ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው አበዳሪው መዝገቡን ሲዘረጋ ግን ነጠላው ከነጭራሹ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። አንድም ቃል አትሰማም። ህንድኛ ቀርቶ አማርኛዋም ስብርብር ያለ ነበር። ግን ምን እየተባለ እንደሆነ ከሁላችንም ቀድማ ገባት። ብድግ አለችና በኦሮምኛ ጮክ ብላ «ውሸቱን ነው! መዝገቡ ይዋሻል!» አለች። ከኋላ አንዱ «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ጋረዱን!» አለ። ሰው ሳቀ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ሴትዮ ግን ዞር ብላ «እውነቷን ነው» አለች፤ ሳቁ በረደ።

ቢርጁ መዝገቦቹን ሲያቃጥል አክስቴ እንደገና ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። «በቃ፣ እንሂድ» አለችኝ። «ኧረ አላለቀም!» አልኳት። «አለቀ» አለች። ተከትያት ወጣሁ።

ፈረንጅ አራዳ ጋ ስንደርስ ዝናቡ ካፊያ ሆኗል። ጫማዋን በእጇ ይዛ ጭቃውን እየመረጠች ትሄዳለች። ድንገት ቆመች።

«ልጁስ?» አለችኝ። «ልጁ ምን ሆነ?»

«አመለጠ» አልኳት።

«በፈረሱ?»

«በፈረሱ። ወንዝ ተሻገረ።»

«እናቱስ?»

«ትጠብቀዋለች።»

ራሷን ነቅንቃ መንገዷን ቀጠለች። የዚያን ቀን ማታ ቤታችን ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እራት በላች። መዋሸቴ ደግ ይሁን ክፉ እስካሁን ቁርጡን አላውቅም። ሌላ ልላት የምችለው ነገርም አልታየኝም። እናት ልጇን ገደለችው ልበላት?

ውሸቱ ከሷ ጋር ወደ አጋሮ ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያ አካባቢ አንድ ማኅበር ሒሳብ ልመረምር ሄጄ፣ ቡና የምታፈላልን አሮጊት የአራጣ መዝገብ ስላቃጠለ የህንድ ልጅ ታወራ ጀመር። ልጁ ጎጀብን ተሻግሮ ከፋ ገባ አለችን። እናቱ በየማታው ቡና ቆልታ ደጅ ደጁን ታያለች። ማኅበርተኞቹ በሙሉ ታሪኩን ያውቁታል። ናርጊስና ሱኒል ደት ጎጀብ ማዶ መሻገራቸውን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? በነገራችን ላይ እናትና ልጅ ሆነው የሠሩት እነዚህ ሁለቱ በ1958 በፈረንጆች ተጋቡ። ይህንን ስሰማ ትልቅ ሰው ነበርኩ፤ እንደ ልጅ ነው የደነገጥኩት።

የአክስቴም ልጅ አልሞተም። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ጢሙን አሳድጎ ከች አለ። ዛሬ አዛውንት ነው። ቡናውን ያለማል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአርሰናል ያለቅሳል።

የሚቆጨኝ እንግዲህ ይህ ነው። አክስቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖራለች። እኔም ሒሳብ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ የሰው መዝገብ እያገላበጥኩ ደመወዝ የምበላ ሰው ሆኛለሁ። በየበዓሉ እሄዳለሁ። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ያን ቀን ሲኒማ ቤት ውስጥ ምን እንዳስነሳት ግን ጠይቄያት አላውቅም። ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ነበር።

ከሞተች በኋላ ዘመድ ሳጥኗን ሲከፍት አንድ ወረቀት ወጣ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ትንሽ ቀርቶታል። ከታች ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ቡናዋን በአበባው የሸጠችበት ውል ነው። ለእኔ ሰጡኝ፤ የወረቀት ሰው እኔ ነኛ። ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። የፈረሱላው ቁጥር ተደልዟል። በላዩ ላይ በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ፣ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል። ኦዲተር መሆን አያስፈልግም፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ያየዋል። ማንበብ ሳትችል መዋሸቱን አውቃ ነበር። እያንዳንዱን ነጠላ ሰረዝ አንብቦላት «ልክ ነሽ፣ መዝገቡ ይዋሻል» የሚላት ሰው በየበዓሉ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ላሟ ያወራ ነበር።

ለዚህ ነው ያቺ ተማሪ «ለምን ወደዱት?» ስትለኝ መልስ ያጣሁት።

እናንተ ፊልም በብዛት ታያላችሁ። እኛ በዓመት የማናየውን በአንድ ሳምንት ትጨርሳላችሁ። ግን እንዴት ነበር ስትባሉ «አሪፍ ነው»፣ «ይደብራል»፣ «ከአስር ሰባት» ትላላችሁ። እኔ ዕድሜዬን በቁጥር ነው የበላሁት፤ «ከአስር ሰባት» ምን እንደሚነግረኝ አላውቅም። የቱ ጋ ተነሳችሁ? የቱ ጋ ፊታችሁን አዞራችሁ? እሱን ንገሩኝ። የሦስት ሰዓት ፊልም በአሥር ደቂቃ ተተርኮ የሚሰሙም አሉ። ቡናውን ሳይጠጡ ስኒውን አሽትቶ መሄድ ነው። ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ስልክ ላይ ጎንበስ ብሎ ብቻን ማየትም አይዋጥልኝም። አጠገባችሁ ያለው ሰው ሲተነፍስ ካልሰማችሁ ግማሹ አምልጧችኋል።

ይህን ስል ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ትስቃለች። ቃና በ2008 በኛ አቆጣጠር ከተከፈተ ወዲህ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ቤታችን ገብቷል። መብራት ሲጠፋ ስልኩን ጠርሙስ ላይ አስደግፈን እናያለን። ሁለት ሽማግሌ አንድ ማዳመጫ ተካፍለን! ያንን አትቁጠሩብኝ።

ፊልም አይታችሁ እንግሊዝኛ ተማሩ፣ ጊዜያችሁን አትጨርሱበት የሚሉት ምክሮች ሌሎች ስለጻፉት እዘላቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልበል። የወደዳችሁትን ፊልም ከዓመታት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ማዘር ኢንዲያን በልጅነቴ ቢርጁን ሆኜ ነው ያየሁት። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ግን ዓይኔ የአበዳሪውን መዝገብ ሲከተል ተገኘ። ልጆች ከወለድን በኋላ እናትየዋን ብቻ አየሁ፤ ያኔም መጨረሻውን መቋቋም አቅቶኝ ዘጋሁት።

የኛን አገር ፊልም ለምን አልጠራህም የምትሉም አትጠፉም። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በደንብ ያየሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። በ1976 በፈረንጆች የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጭሰኞቹን ሲያዝ ስታዩ ደማችሁ ይፈላል። በቢርጁ እንዳለቀስኩ አላለቀስኩበትም፤ ተናደድኩ። ምናልባት አክስቴን መውሰድ የነበረብኝ ወደዚያኛው ነው። ምናልባትም አይደለም፤ እሱ ዘፈን የለውም፤ እሷ ደግሞ ዘፈኖቹን ወዳቸው ነበር።

ማዘር ኢንዲያ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ እንዳታፈጥኑት። የምትችሉ ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ ጋር እዩት። ሽማግሌዎቹ የሚፈርዱበት ቦታ ላይ ስክሪኑን ትታችሁ ፊታቸውን እዩ። ከዚያ ቡና ይፈላና ጠይቋቸው። ቢርጁን መግደሏ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እናንተው ተከራከሩበት። ባለቤቴ ልክ ነው ትላለች፤ ቃል ቃል ነው ትላለች። እኔ ከአክስቴ ጋር ነኝ።