ለአዲስ የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኞች፦ ጭንቀታችሁን መርምሩት

ልጆቼ፣ በአውቶሞቲቭ አሰልጣኝነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሞተር አይደለም። ከወርክሾፕ እስከ ቤት ተከትሏችሁ እንቅልፍ ስለሚነሳችሁ ጭንቀት ነው።

ጫናውን አውቀዋለሁ። መለማመጃው ጥቂት፣ ሰልጣኙ ብዙ ነው። የዕቃ ግዥ ይጓተታል። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ውጤት ሲመጣ ሁሉም ዞሮ አሰልጣኙን ያያል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በካርቡሬተር ያደገ አሰልጣኝ አሁን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ይጠየቃል።

አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ ድባቴ የያዛቸውን ሰዎች ሲያክም አንድ ነገር አስተዋለ። ታካሚዎቹ «አልረባም»፣ «አይሳካልኝም» የሚል ሐሳብ ድንገት ብልጭ ይልባቸዋል፤ እነሱም ሳይጠይቁ ያምኑታል። ዛሬ ሲቢቲ የሚባለው፣ ሐሳብንና ድርጊትን እየመረመሩ በንግግር የሚሰጥ ሕክምና፣ አንዱ መነሻው ይህ ነው።

እናንተም ማታ ደብተር አውጡ። መጀመሪያ የሆነውን ብቻ ጻፉ፦ «ሰልጣኝ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ኢንቨርተር ጠየቀኝ፤ አላወቅኩትም።» ቀጥሎ ያን ሰዓት በልባችሁ ያላችሁትን ጻፉ፦ «አለቀልኝ፣ ከእንግዲህ ማንም አያከብረኝም።» እዚህ ጋ ቁሙ። መኪና ተበላሸ ስለተባለ ብቻ ሳትመረምሩ ሞተር አታወርዱም። ይህንንም መርምሩት። ማስረጃው ምንድን ነው? የሚቃረነውስ?

ከዚያ በተግባር ሞክሩት። በሚቀጥለው ጊዜ «ይህን አላውቀውም፣ ነገ አጣርቼ እመጣለሁ» በሉ። አስቀድማችሁ የፈራችሁትን፣ በኋላም የሆነውን ጻፉ። በእኔ እምነት ሰውን የሚለውጠው ይህ ሙከራ ነው። ጥያቄ ፈርቶ ወርክሾፕ መግባት የተወ፣ ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚያስተምር ወጣት ባልደረባ ነበረኝ። ይህን ከሞከረ በኋላ ከሰልጣኞቹ ጋር ማኑዋል ሲያገላብጥ አገኘሁት። (ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን ባትሪ ግን ሳትሰለጥኑ አትንኩ። ያ ፍርሃት ትክክል ነው።)

ጭንቀት ሁሉ ከሐሳብ ይመጣል አልላችሁም። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ከሌለ የለም፤ በማሰብ አይመጣም። እንዲህ ያለውን ለብቻው ጻፉና ለዲፓርትመንት ኃላፊው በደብዳቤ አቅርቡ። ሲቢቲን «ዝም ብላችሁ ቻሉት» ለማለት የሚጠቀምበት አለቃ ካለ አትስሙት።

እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቃችሁ፣ ሥራው ካስጠላችሁ ወይም መኖር ትርጉም ካጣባችሁ ደብተር ብቻውን አይበቃም። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለላችሁ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካለው ጠይቁ። ሲቢቲ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀጠሮ ሆኖ ለተወሰኑ ወራት የሚሰጥ ነው። የጻፋችሁትን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለባለሙያው ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።